ከደጃፍ ምልክት እስከ ድረ ገጽ፦ እንግዳን ደንበኛ የማድረግ ልማድ በአገራችን

መግቢያ

«ደንበኛ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። በአንድ በኩል ዘወትር ከአንድ ቤት የሚገዛ ወይም አገልግሎት የሚያገኝ ሰው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ትክክለኛ፣ እንደ ወጉ የሆነ ማለት ነው፤ «ደንበኛ ሐኪም»፣ «ደንበኛ ግንበኛ» ስንል ሙያውን በሚገባ የያዘ ሰው ማለታችን ነው። የሁለቱም ትርጉም መነሻ «ደንብ» የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ በቋንቋችን አስተሳሰብ ደንበኛ ማለት አንድ ጊዜ አልፎ ሂያጅ ሆኖ የገዛ ሰው ሳይሆን፣ በእርሱና በባለሙያው መካከል ደንብ የተሠራለት ሰው ነው። እንግዳ ግን ገና ደንብ ያልተሠራለት ነው።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ በዘንድሮው ዕትም ስለ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ድረ ገጽ፣ በተለይም ድረ ገጹን የሚጎበኘው ሰው ደንበኛ ሆኖ ስለሚቀርበት መንገድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዲቀርብ ጠይቋል። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ የዛሬ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እንግዳውን ከደጃፍ ወደ ውስጥ የማስገባቱ ጥያቄ ከኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሁሉ በፊት የነበረ ሲሆን፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን የየራሳቸውን መልስ ሰጥተውበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልስ ማስታወስና ለዛሬው ሥራችን የሚሰጠውን ትምህርት ማውጣት ነው።

ጽሑፉ የሚያቀርበው አሳብ አንድ ነው። ማንኛውም እንግዳ የአንድን ባለሙያ ደጅ ከመርገጡ በፊት በልቡ አምስት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ይኸውም፦ ይህ ማን ነው? ሥራውን ይችላል ወይ? ጉዳዬን ይረዳልኛል ወይ? ስንት ያስከፍለኛል? ነገሩ ቢበላሽስ ማንን እይዛለሁ? የሚሉት ናቸው። ማስታወቂያ ሰውን እስከ ደጃፍ ያደርሳል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ነው።

ፊደል የሌለው ማስታወቂያ

በአገራችን ከሁሉ የቀደመው የንግድ ምልክት ፊደል የለውም። ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ላይ በዘንግ ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ይሰቀላል። ይህ ምልክት በገጠርም ሆነ በከተማ ዳርቻ ለብዙ ዘመን የኖረ ሲሆን፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ውስጥ አልጠፋም። ጣሳው ሲሰቀል ጠላው ደርሷል፤ ሲወርድ አልቋል ማለት ነው። ማንበብ የማይችለው መንገደኛ እንኳ የቤቱን ሁኔታ ከሩቅ ያውቃል። ጣሳው ቤቱን አያሞግስም፤ የጠማቂዋን ችሎታ አይናገርም፤ ዛሬ አለ ወይም የለም ይላል እንጂ። ከሁሉ በላይ ግን ጠላ ሳይኖር ጣሳ የሰቀለች ሴት በማግሥቱ የሚያምናት ስለማይኖር ምልክቱ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሥጋ ቤት ነው። በከተሞቻችን ሥጋ ቤቶች በር ላይ የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ስለ ሥጋው ጮማነት ወይም ስለ ዋጋው ርካሽነት ምንም አይገልጥም። ነገር ግን እንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚፈልገውን፣ ለመጠየቅ ግን የሚያፍርበትን ጉዳይ፣ ማለትም ከብቱ በማን እጅ እንደ ታረደ፣ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ ይመልስለታል። «ይህ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ አጭር መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱን ምሳሌዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም የተዘጋጁት ከባለቤቱ አሳብ ተነሥተው ሳይሆን ከእንግዳው ሥጋት ተነሥተው ነው። ጠማቂዋ ልትናገር የምትፈልገው ብዙ ነገር ሊኖራት ይችላል፤ የሰቀለችው ግን መንገደኛው የሚፈልገውን ብቻ ነው።

የሆቴሉ ትምህርት

ፊደል ያለው ማስታወቂያ፣ ማለትም የሱቅና የሆቴል ሰሌዳ፣ በአገራችን የተስፋፋው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። ከዚህ ዘመን ሥራዎች መካከል እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ያቋቋሙት ሆቴል ለጉዳያችን ልዩ ትምህርት አለው። ሲነገር እንደኖረው ሆቴሉ እንደተከፈተ የሚመገብበት ሰው አልተገኘም ነበር። ምክንያቱም ምግቡ ወይም ቤቱ አልነበረም። በገንዘብ ከፍሎ ከሰው ፊት መብላት በዘመኑ መኳንንት ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበረ ነው። ግብር በቤተ መንግሥት፣ ምሳ በዘመድ ቤት በሚበላበት አገር «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ የሚያሳፍር ነበር። በዚህም ምክንያት አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሆቴሉ ተመግበው ሂሳቡን በይፋ እንደከፈሉ ይተረካል።

ከዚህ ትረካ የምናገኘው ቁም ነገር ንጉሠ ነገሥቱ ለሆቴሉ የተናገሩት የሙገሳ ቃል አለመኖሩ ነው። ያደረጉት ነገር እንግዳው ምን እንደሚያደርግ፣ በየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼና እንዴት እንደሚከፍል በተግባር ማሳየት ነበር። ሰው የማያውቀውን ሥርዓት ይፈራል፤ ሥርዓቱን ካየ ግን ፍርሃቱ ይቀላል። በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች በሙያቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ መውጣቱም ከዚሁ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ሠራተኛው በተናቀበት አገር የሠራተኛው ደጃፍ በእንግዳ ሊጎበኝ አይችልምና።

ተመሳሳይ ችግር በሌላውም ዓለም ታይቷል። በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ እ.ኤ.አ. በ1852 በሽርክና የገባበትን «ቦን ማርሼ» የተባለ መደብር ከትንሽ ሱቅነት ወደ ታላቅ ድርጅትነት ያደረሱት ሁለት ቀላል ልማዶች ነበሩ። አንደኛው በየዕቃው ላይ ዋጋውን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ማንም ሰው የመግዛት ግዴታ ሳይኖርበት ገብቶ እንዲያይ መፍቀድ ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ሱቅ የገባ ሰው ሳይገዛ መውጣት እንደ ነውር ይቆጠርበት፣ ዋጋውንም ለማወቅ መከራከር ይገባው ነበር። እንግዲህ በፓሪስም ሆነ በአዲስ አበባ እንግዳውን ያስቀረው የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን ያለማወቅ እፍረት ነበር ማለት ይቻላል።

የፎቶ ቤቱ መስኮትና የራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ

ምግብ ይቀመሳል፤ ጨርቅ ይዳሰሳል። አገልግሎት ግን ከመፈጸሙ በፊት አይታይም። የሒሳብ መርማሪ፣ የሕግ አማካሪ፣ መሐንዲስ ወይም ሐኪም የሚሸጠው ነገር ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። «ሥራውን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ሙያ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን ችግር በጥሩ ሁኔታ ከፈቱት ባለሙያዎች መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ይገኙበታል። ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ካገለገለው ከአርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ ዘመን አንሥቶ ሙያው በአዲስ አበባ ሲስፋፋ፣ የፎቶ ቤቶች መስኮት የከተማው ትርኢት ሆኖ ነበር። ሙሽሮች፣ የተመረቁ ተማሪዎች፣ ወታደሮች፣ ሕፃናት በመስኮቱ ይታያሉ። አላፊ አግዳሚው የሚያየው የባለቤቱን የምስክር ወረቀት ሳይሆን እንደ እርሱ ያለ ሰው በሥራው አምሮ መውጣቱን ነው። ባለፎቶው «ጎበዝ ነኝ» አይልም፤ የሠራውን ያሳያል እንጂ።

ከዚህም የሚልቅ ትምህርት ያለው የራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ በጃንጥላ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ሰሌዳ እንኳ የሌለው የአገልግሎት ድርጅት ነው። ባለጉዳዩ ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ፍርድ ቤቱን የማያውቅ፣ ጉዳዩ ያስጨነቀው ሰው ነው። ጥሩ ራፖር ጸሐፊ በመጀመሪያ ዋጋ አይናገርም፤ ወንበር ይሰጠዋል፤ ያዳምጠዋል፤ ያልገባውን መልሶ ይጠይቀዋል። ከዚያም የሰማውን በአጭሩ መልሶ ይነግረዋል። ባለጉዳዩ የራሱን ጭንቀት በተስተካከለ ቋንቋ ከሌላ ሰው አፍ በሰማበት ቅጽበት እንግድነቱ አብቅቶ ደንበኛ ይሆናል። ሥራው ገና አልተጻፈም፤ ገንዘቡም ገና አልተከፈለም። ነገር ግን «ጉዳዬን ተረድቶልኛል» የሚለው እምነት ተፈጥሯል።

ዋስና መልካም ዝና

አምስተኛው ጥያቄ «ቢበላሽ ማንን እይዛለሁ?» የሚለው ነው። በአገራችን ልማድ የዚህ መልስ ዋስ ነው። በአገሩ ሥርዓት ገንዘብ ለመበደር፣ ሠራተኛ ለመቅጠር፣ ቤት ለመከራየት፣ ክስ ለመመሥረት ሳይቀር ዋስ ይጠየቅ ነበር። ዋስ የሚሆነው ሰው የታወቀ፣ ቤት ንብረቱ የሚታይ፣ ስሙን ለሌላው አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ባለሙያ በአንድ የታመነ ሰው አማካይነት ሲታወቅ ያ ሰው ገንዘብ ባይዝም ስሙን ያስይዛል። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ደንበኛ ወደ እኛ የሚመጣው «እገሌ ልኮኝ ነው» እያለ መሆኑ ይህ ልማድ ሕያው ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ይህ የልማድ እውቀት በዘመናዊ ሕጋችንም ቦታ አግኝቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ምንነት ሲወስን፣ መደብር ማለት ሕንፃው ወይም ዕቃው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከክፍሎቹ ሁሉ ዋነኛው መልካም ዝና መሆኑን አረጋግጧል። የመልካም ዝናም ዋጋ ነጋዴው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ሊፈልጉ ከሚችሉ ሦስተኛ ወገኖች ጋር ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት መጠን የሚለዋወጥ መሆኑን ደንግጓል። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ የተናገረው ቀድሞ ደንበኛ ስለሆኑት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ወደፊት ሊመጡ ስለሚችሉትም ጭምር ነው። እንግዲህ ገና ያልመጣው እንግዳ በሕግ ዓይን የሀብት ክፍል ነው። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ በአብዛኛው ቢተካም፣ አሳቡ ለሙያችን ያለው ጥቅም አላረጀም።

ሰሌዳ ያልተፈለገበት ዘመን

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ታላላቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ገቡ፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ብዙው የሙያ አገልግሎት በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል የሚሰጥ በሆነበት ጊዜ ባለጉዳዩ ወደ ባለሙያው የሚመጣው መርጦ ሳይሆን ተመድቦ ነበር። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ሰሌዳ አያነብም፤ ተራ የሚያስጠብቅ መሥሪያ ቤትም እንግዳን ለመሳብ አይደክምም።

ዘመኑ ካለፈና ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅቶች እንደገና በብዛት መቋቋም ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ ልማድ ተከትሎን መጣ። ይኸውም የድርጅቱን መግለጫ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቋንቋ የመጻፍ ልማድ ነው። «ድርጅታችን በተሰማራበት የሥራ መስክ ከፍተኛ ልምድና ብቃት ያለው ሆኖ» እያለ የሚጀምረው መግለጫ የተጻፈው ለሚያመነታ እንግዳ ሳይሆን ለበላይ አካል ይመስላል። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ በኋላ ወደ ድረ ገጽ ሳይለወጥ ተሸጋግሯል።

የድረ ገጽ መምጣትና የቋንቋው ጉዳይ

የዓለም አቀፉ ድር የመጀመሪያ ገጽ ቲም በርነርስ ሊ በሚሠሩበት በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ገጹ ጌጥና ሥዕል አልነበረውም፤ ይህ ነገር ምንድን ነው፣ እንዴት ይጠቀሙበታል፣ ማንን ይጠይቃሉ የሚለውን ብቻ ይገልጥ ነበር። ከላይ ከተመለከትነው ከተደፋው ጣሳ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ አንድ ወጥ መለያ ቁጥር አልነበረውም። በአንድ የፊደል ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት በሦስተኛ ዕትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ይህ እንቅፋት በመሠረቱ ተወገደ፤ ስልኮቻችንና ኮምፒዩተሮቻችን ሁሉ ፊደላችንን ለማንበብ ግን ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቷል። እስከዚያ ድረስ ግን የአገራችን ድርጅቶች ገጻቸውን በእንግሊዝኛ መጻፍን ለምደው ነበር። ምክንያቱ ሲወገድ ልማዱ ቀረ። ዛሬም ድረስ ደንበኞቹ በሙሉ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ የአገልግሎት ድርጅት ገጹን በእንግሊዝኛ ብቻ አዘጋጅቶ፣ ስለ ራእዩና ስለ ተልእኮው ዘርዝሮ፣ የውጭ አገር ሕንፃና የውጭ አገር ሰዎች ፎቶግራፍ ለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። የፎቶ ቤቱ መስኮት በእንደዚህ ያለ ገጽ ላይ የለም፤ የራፖር ጸሐፊው ወንበርም የለም። ያለው ሰሌዳው ብቻ ነው።

ፉሪ፦ ስም የሚለዋወጥበት ደጃፍ

ይህ ነገር ከመጽሔት ጽሑፍነት አልፎ የኑሮ ጉዳይ መሆኑን ለማየት ወደ ፉሪ መሄድ ይበቃል። የፉሪ ተራራ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ከጅማ መንገድ አካባቢ የሚታይ ሲሆን፣ ግርጌው ለረጅም ዘመን የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማዋ ዋና የመንገደኞች ጣቢያ በፉሪ ለቡ ሆነ፤ መሥመሩም እስከ ሰበታ ደረሰ። በሰበታ ሥር ትተዳደር የነበረችው ፉሪ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ ራሷን የቻለች ክፍለ ከተማ ሆነች።

ለነዋሪው ይህ ማለት አንድ ቢሮ ቦታውን ሳይለቅቅ አድራሻው ተለወጠ ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ አንድ ስም፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ ስም፣ በደንበኛው አፍ ደግሞ የአሮጌው መታጠፊያ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ስም ይገኛል። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ፒያሳን የመሳሰሉ ነባር ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ ለዓመታት በአንድ ደጃፍ የታወቁ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ሥፍራ መዛወር ግድ ሆኖባቸዋል። በደጃፍ ብቻ የታወቀ ሰው ደጃፉ ሲፈርስ ደንበኛውን ያጣል። ሕጉ መልካም ዝናን ከሕንፃው ለይቶ ማየቱ ጥበብ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳ ይነቀላል፤ መንገድ ይሰፋል፤ የክፍለ ከተማ ስም ይለወጣል። በሚገባ የተያዘ ድረ ገጽ ግን ከባለቤቱ ጋር ይዛወራል። በመሆኑም ለፉሪ ባለሙያ ድረ ገጽ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የደጃፍ ምትክ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የመገናኛ ታሪክ የሌላቸው አይደሉም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን በሳተላይት ከዓለም ጋር ያገናኘው የምድር ጣቢያ የተተከለው በሱሉልታ ነበር። የፉሪ ስም ደግሞ በዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በፉሪ ተራራ ላይ ያለው መመዝገቢያ ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ሆኖ «ፉሪ» በሚል ስም ይጠራልና። ጣቢያው የታወቀው ራሱን ስላሞገሰ አይደለም። የመዘገበውን ያለማቋረጥ ስለሚያስተላልፍና ለጠየቀው ሁሉ መልስ ስለሚሰጥ ነው። ከተራራው ግርጌ ያለው የሒሳብ ወይም የምሕንድስና ቢሮ ግን አሁንም የሚፈለገው በሰው በሰው እየተጠየቀ ነው።

ታሪኩ የሚሰጠው የሥራ መመሪያ

ከላይ የተዘረዘረውን ወደ ተግባር ስንመልሰው አምስቱ ጥያቄዎች የገጹ አምስት ክፍሎች ይሆናሉ።

«ይህ ማን ነው?» ለሚለው የድርጅቱ ስም ብቻ አይበቃም። በሥራው ተጠያቂ የሆነው ባለሙያ ሙሉ ስም፣ የራሱ ፎቶግራፍ፣ የሙያ ፈቃዱ ቁጥርና ፈቃዱን የሰጠው አካል በግልጽ ይጻፍ። አድራሻውም በአዲሱና በቀድሞው ስም፣ ሰው በሚያውቀው ምልክት ጭምር ይቀመጥ። ይህ የሥጋ ቤቱ በር ምልክት ነው።

«ሥራውን ይችላል ወይ?» ለሚለው የተሠራ ሥራ ይታይ። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ስለሆነ፣ ከዚህም በላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ የማንም ስምና ሰነድ ያለ ፈቃዱ አይወጣም። ነገር ግን ምን ዓይነት ችግር እንደ ቀረበ፣ ምን እንደ ተደረገ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀ ባለቤቱን ሳይገልጡ መጻፍ ይቻላል።

«ጉዳዬን ይረዳልኛል ወይ?» ለሚለው ገጹ የእንግዳውን ጉዳይ በእንግዳው ቋንቋ መልሶ ይንገረው። «የታክስ ማማከር አገልግሎት እንሰጣለን» ከማለት «የግብር ውሳኔ ደርሶዎት በስንት ቀን ይግባኝ ማለት እንዳለብዎት ካላወቁ» ማለት ይሻላል። በፉሪ ሁኔታ ይህ ቋንቋ አማርኛም ኦሮምኛም መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ገጹን የሚያየው በእጅ ስልክ፣ መረጃውንም በገንዘቡ ገዝቶ ስለሆነ ከባድ ሥዕልና ተንቀሳቃሽ ጌጥ የሚያስፈልገው አይደለም።

«ስንት ያስከፍለኛል?» ለሚለው ቁርጥ ዋጋ መጻፍ የማይቻል ቢሆን እንኳ የዋጋው አሠራር ይገለጥ። የመጀመሪያው ምክር በነፃ ነው ወይስ በክፍያ? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በሥራው መጠን? ባለጉዳዩ ሲመጣ ምን ምን ሰነድ ይያዝ? እቴጌ ጣይቱ ሆቴል እንደ ታየው ሥርዓቱን ያላወቀ ሰው አይገባም።

«ቢበላሽ ማንን እይዛለሁ?» ለሚለው የውል ናሙና፣ የአቤቱታ አቀራረብና ሥልጣን ያለው የሙያ ተቆጣጣሪ አካል ይጠቀስ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ በገጹ በኩል የሚደረግ የመልእክት ልውውጥም ክብደት ያለው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አሳሳች ማስታወቂያም በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። ያልተሠራን ሥራ መጻፍ፣ ያልተናገረን ሰው ምስክር ማድረግ ጠላ ሳይኖር ጣሳ እንደ መስቀል ነው።

ስለ ልኬቱም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ባልደረቦቻችን የጎብኚ ቁጥር ሲያድግ ሥራው የተሳካ ይመስላቸዋል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወር 300 ሰዎች ገጹን ቢጎበኙ፣ 6 ቢደውሉ፣ ከእነዚህም 2 ውል ቢፈርሙ፣ የፈራሚውን ቁጥር 4 ለማድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጎብኚውን 600 ማድረስ ሲሆን፣ ይህ ማስታወቂያ መግዛትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ከነበሩት 300 ጎብኚዎች የሚደውሉትን ከ6 ወደ 12 ማድረስ ሲሆን፣ ይህ ግን የጎደለውን መልስ መጻፍ ብቻ ይጠይቃል። የትኛው መልስ እንደጎደለ ለማወቅ ደግሞ አንድ መዝገብ ይበቃል። የደወለው ሰው ማን እንደ ላከው፣ በመጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ፣ ውል ካልፈረመም ለምን እንደ ቀረ ይጻፍበት። በየሦስት ወሩ መዝገቡ ሲገለጥ ደጋግሞ የተጠየቀው ጥያቄ በገጹ ላይ ሊኖር ሲገባው የሌለው መልስ ነው።

መደምደሚያ

«ድረ ገጽ» የሚለው ስያሜ ራሱ ጥሩ መካሪ ነው። «ገጽ» በግዕዝ ፊት ማለት ነው፤ «ድር» ደግሞ የሸማኔ ቃል ነው። ሸማኔ እንደሚያውቀው ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግ ያስፈልገዋል። ገጹ ምንም ያህል ቢያምር የተደወለለት ስልክ ካልተነሣ፣ የተላከው መልእክት በዕለቱ መልስ ካላገኘ፣ እንግዳው በደጃፉ ቆሞ የቀረ ሰው ነው። ድሩን የገጹ አዘጋጅ ሊዘረጋልን ይችላል፤ ማጉን የሚያቀርበው ግን ባለሙያው ራሱ ነው።

ማኅበራችን በዚህ ረገድ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ አለ። የአባላቱን ስም፣ የሙያ ፈቃድና ወቅታዊ አድራሻ የያዘ፣ በአገሩ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አንድ የጋራ ማውጫ ቢያቋቁም፣ በተለይ በፉሪ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደጃፋቸው በመዛወርና በስም ለውጥ ለሚጠፋባቸው አባላት ዋስ ይሆንላቸዋል። አባቶቻችን ስማቸውን ለሰው ዋስ አድርገው ያቀረቡት የሚያውቁትን ሰው መርጠው ነበር። ማኅበሩም የሚያውቃቸውን አባላቱን መርምሮ በስማቸው ቢቆምላቸው ለብዙ ዘመን የኖረውን ወግ በአዲስ መሣሪያ ቀጠለ ማለት ነው። ማውጫው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ ገብቶ አባላት እንዲወያዩበት አሳብ አቀርባለሁ።